የላሊበላው ሰጋቱራ

ሰኞ፣ ከማለዳው አሥራ አንድ ተኩል፣ አውቶቡስ ተራ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ከእንጨት ሥራ ከሚተርፈው ሰጋቱራ ለምድጃ የሚሆን አልኮል ላወጣ ነው። «ላሊበላ አናጺዎች ግቢ የሚጣል ሰጋቱራ አለ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ቦታውን ሳላይ፣ የመንግሥት ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ። ተቆልፎበት እንዲጠብቀኝም ከወር በፊት ደብዳቤ አስልኬያለሁ። ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ።

ማክሰኞ፣ ከደሴ ወዲያ

ደሴ አድረን፣ ወልድያን አልፈን ጋሸና ወጣን። በአምስት ብር ሽሮ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን። ዛፍ የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ ነው። ኩበት የተሸከሙ ሴቶች ሳይ፣ እኔ ሞኙ፣ «ደረስኩላችሁ» አልኩ በልቤ።

ላሊበላ

የግቢው ጠባቂ ቆልፎ ያቆየውን ስምንት ጆንያ አሳየኝ። የማጣሪያ ዕቃዬ መንገድ ላይ ስለተሰበረ አረቄ ወደሚያወጡት ጎረቤት፣ ወደ እትዬ አልጣሽ ወሰደኝ።

«የመንግሥት ሥራ ከሆነማ» ብለው ጋናቸውንና መቃቸውን ሰጡኝ።

ሰጋቱራውን በአሲድ ቀቀልኩ፤ የአሲዱን ኃይል በኖራ አበረድኩ፤ እርሾ ጨምሬ አምስት ቀን አቆየሁት። እሳቱን የሚያነዱልኝ እሳቸው ናቸው። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። ይልቅ ላስተምራቸው ጀመርኩ።

«እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የመቃው ዙሪያ መታሸግ አለበት።»

«እንዴታ ጌታዬ» አሉ። ጭቃውን ቀድመው አቡክተውታል።

ቀኑን ሙሉ ሲነድ ውሎ የወጣው ግማሽ ጠርሙስ ነው። ክብሪት ጫርኩበት፤ አልያዘም። ደግሜ ላጣራው እንጨት ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አጥሩ የለም፤ የቋሚዎቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

«እትዬ፣ አጥሩስ?»

«አነደድነዋ።»

«ምነው ቢነግሩኝ?»

«የመንግሥት እንግዳ እሳት ነፈገች ልባል? ድሮ የማነደው ያንኑ ሰጋቱራ ነበር፤ አናጺዎቹ ይሰጡኛል። ከተቆለፈበት ወዲህ ለገና እንግዳ የጠነሰስኩት ድፍድፍም እሳት አጥቶ ቁጭ ብሏል። የዓመት ቀለቤ እሱ ነው።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሦስቱን ጆንያ አበላሽቻለሁ። አምስቱን በጀርባዬ እያመላለስኩ ቤታቸው አስገባሁ፤ በማግስቱም አረቄያቸውን አወጡ። ስሰናበታቸው አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«የመጀመሪያው ጠብታ ነው፤ ይነድዳል። አለቆችህ ፊት እንዳታፍር፣ ልጄ።»

አዲስ አበባ

አለቃዬ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣና ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ጫረበት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እኔም ዝም አልኩ።

«በል፣ ሰጋቱራው ዳግመኛ እንዲቆለፍ ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ።

ይኼኔ ነው አፌ የተከፈተው። «ይኼ የእትዬ አልጣሽ አረቄ ነው። የእኔው አልነደደም። እሱን ለማውጣትም አጥራቸውን ፈጅቻለሁ። የሚጣል ሰጋቱራ የለም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁን ረስቼዋለሁ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ዝም ማለቴን ግን ለእትዬ አልጣሽ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።