ፓይተንን ያባረረችው አክስቴ

አክስቴ ኮምፒውተር አስተማሪ ናት። ሰፈሩ "እትዬ ገመድ" ይላታል፣ ከቦርሳዋ ገመድ ስለማይጠፋ። የምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሌላው የጣላቸው፣ እሷ ያነሳቻቸው ናቸው። ዲስካቸው ጠባብ ነው፣ ሲበሩ እንደ ሽማግሌ ያቃስታሉ። ተማሪዎቿ ግን ከርነል የሚሰሩት እዚያው ላይ ነው። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም ነው።

ዘንድሮ አዲሱ ከርነል መጣና እምቢ አለ። እሱን ለመስራት ከሚያስፈልጉት መሳሪያዎች አንዷ ስክሪፕት የምትባል ትንሽዬ ፕሮግራም ናት፤ ስራዋ ስሞችን ደርድሮ ሰንጠረዥ ማውጣት ብቻ። እሷን ለማስነሳት ግን ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ማሽኑ ላይ መጫን አለበት፤ ፓይተን ደግሞ እነዚያ ዲስኮች ላይ ቦታ አይበቃውም። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ "ሰኞ መጥቼ አያለሁ። ማሽኖቹ አዲሱን መስራት ካቃታቸው ይጣላሉ፣ ክፍሉም መጋዘን ይሆናል" አሉ።

አክስቴ ቤት መጥታ "ለአንዲት ሰንጠረዥ ይሄ ሁሉ ጓዝ!" እያለች ስክሪፕቷን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈቻት። ሲ ማሽኖቹ ላይ ድሮም አለ። ላፕቶፗ ላይ ከርነሉን ለመስራት ሞከረች፣ ተሳካ። ባሏን ጠራችው።

"አየህ አንተ ሰውዬ? ያለ ፓይተን!"

ባሏ ሞባይል ሰሪ ነው፣ ነገር መፈልፈል ይወዳል። "ላፕቶፕሽ ላይ ፓይተን የለም እንዴ?"

"አለ። ግን አልተነካም።"

"በምን አወቅሽ?"

"መጨረሻ ላይ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጨምሬበታለሁ። ይኸው፣ 'ፓይተን አልተጠራም' ይላል።"

"እሱንስ በምን ጻፍሽው?"

አክስቴ ወደ ስክሪኑ ዞራ አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ወይኔ ጉዴ! በፓይተን!"

ባሏ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። "ሌባውን ዘበኛ አድርገሽ ቀጥረሽዋል በይኛ!"

"ሳቅ፣ ሳቅ! ሰኞ ፓይተን የሌለው ማሽን ዳይሬክተሩ ፊት ቀጥ ብሎ ሊቆምብኝ ነበር እኮ!"

እየሳቀች ፈታሹን ፕሮግራም አወጣችው። ፓይተኑንም ከላፕቶፑ ጠራርጋ አጠፋችና ከርነሉን መስራት ከባዶ ጀመረች። ያለምንም ኩርፊያ አለቀ።

ሰኞ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆሙ። በጣም ያረጀው ማሽን እያቃሰተ ከርነሉን ሰራ፣ ጠፋ፣ በራ፤ የአዲሱ ከርነል ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ተማሪዎቹ ጮሁ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... ክፍሉ ይቀጥል። የኔንም ኮምፒውተር ያዩልኛል?"

"አላይም" አለች አክስቴ። "መጥተው ይማሩና ራስዎ ይሰሩታል። ወንበር አለን።"