ያው ውሃ እስኪመለስ

ሶአዚግ ገመድ ስትይዝ ያየ ሰው፣ በሕይወቷ ሌላ ነገር ይዛ የምታውቅ አይመስለውም። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ አብዛኛውን ያሳለፈችው በታላቅ ወንድሟ በጉልቨን ጀልባ ላይ ነው። በዚያ በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ሰሜናዊ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚውጥ ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ ጀልባን ማሳደር መልህቅ ወርውሮ መተኛት አይደለም። ገመዱ ካጠረ ውሃው ሲነሣ መልህቁን ይነቅለዋል፤ ከረዘመ ደግሞ ጀልባዋ ዞራ ከአለት ጋር ትላተማለች። ውሃው ሲሸሽ ግራና ቀኟ ድጋፍ እንጨት ካልቆመላት እንደ ሰካራም በጎኗ ትዘረራለች። ይህን ሁሉ የምትጠነቀቀው ሶአዚግ ናት።

ገመዱ የእሷ፣ ባሕሩ የእሱ ነበር። ነገ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ የሚናገረው ጉልቨን ነው፤ እሷም ጠይቃ ታረጋግጥ እንደሆነ እንጂ ራሷ ቆጥራ አታውቅም። በዚያ አገር ባለ ጀልባ ስለ ውሃው የተናገረውን መጠራጠር አባትን እንደ መሳደብ ይቆጠራል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለ ኑሮ ነው። መጀመሪያ እናታቸው ታመሙና ‹‹እስኪሻላቸው ቆዪ›› ተባለች። እናት ሞቱ፤ ‹‹ክረምቱ ይለፍ›› ተባለች። ክረምት ማለፉን መቼ ያቆምና! ሊያገቧት የመጡት ሁለት ሰዎችም ከጉልቨን ጋር አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው፣ ፊት ተነሥተው፣ በመጡበት ተመለሱ። ሦስተኛው ታንጊ ነበር፤ ከባሕሩ ርቆ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ዝምተኛ የፖም ገበሬ። እሱ ብልጥ ነው፤ ጉልቨን ዘንድ ሳይደርስ በቀጥታ ራሷን ጠየቃት። ‹‹አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ፤ ለማኝ አይደለሁም›› አላት። እሺ አለችው።

ቀጠሮው ለቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሆነ። በዚያ አገር በቀጠሮዋ ቀን ከንቲባው ፊት ያልቆመች ሙሽራ እምቢ እንዳለች ነው የምትቆጠረው።

ሐሙስ ዕለት ጉልቨን ከወትሮው ለስለስ ብሎ፣ ‹‹እቴ፣ ለሠርግሽ ሎብስተር እንያዝ እንጂ። ሰው ምን ይለናል?›› አላት። ሶአዚግ ደስታዋ እንባ ሊያመጣባት ምንም አልቀረው። ከመንደሩ ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ደሴት ሄዱ፤ ዓሣ አጥማጆች የሚያድሩባት አንዲት የድንጋይ ጎጆ አለች። ለእነዚያ ባለ መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረቶች ወጥመዶቹን ጥለው ሲጨርሱ መሸ፤ ባሕሩም እስከ ሣሩ ጥግ ድረስ ሞልቶ ነበር። ጉልቨን መሪውን ይዞ ጀልባዋን ባሕሩ ወደ ደሴቷ ወደሚገባባት ጠባብ ገብ ውስጥ፣ ከዚህ በፊት ወጥተውበት ወደማያውቁት ቦታ አገባት።

‹‹ከፍ አላልንም?›› አለችው ገመዱን እየፈታች።

‹‹ንፋስ ይመጣል። እዚህ ትከለል።››

‹‹ነገስ ውሃው እዚህ ይደርሳል?››

‹‹የነገው ከዛሬው ይበልጣል። አንቺ ገመድሽን ያዢ፣ ባሕሩን ለእኔ ተዪው።››

ያዘች። መልህቁን ወደ ባሕሩ በኩል አርቃ ጣለች፤ ከኋላ ሁለት ገመድ ከአለት ጋር አሰረች፤ ድጋፎቹን አቁማ ቋጠሮውን ደጋግማ ፈተነች። የመጨረሻዬ ነው ብላ ነበርና እንደዚያን ቀን አሳምራ አስራ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ውሃው መጣ። ገቧን ሞላ፣ ድጋፎቹን አለፈ፣ የጀልባዋን ሆድ ላስ ላስ አደረገ። ሶአዚግ ገመዱን በእጇ ይዛ ጀልባዋ ስትነቃነቅ ለመሰማት ጠበቀች። ምንም አልተሰማትም። ውሃው ትንሽ ቆም አለና ወደመጣበት ዞረ።

ባሕሩ ከጨረቃዋ ጋር ቀን በቀን እያደገ ይሄዳል፤ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ቀን በቀን ይቀንሳል። ጫፉም ሐሙስ ማታ ነበር። በጫፉ ዕለት ከፍ ብላ የታሰረች ጀልባ ያው ውሃ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ሳምንት፣ ሲከፋም ወር፣ አሸዋ ላይ ትከርማለች። ይህን እዚያ ዳርቻ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጉልቨን ይሳሳታል ቢባል ማን ያምናል?

ሶአዚግ ግን አመነች፤ አዘነችለትም። ዓይኑ ከደከመ ቆየት ብሏል። አለቱን፣ የወጥመዱን ምልክት፣ የሌላውን ጀልባ ሸራ የምታይለት እሷ ናት፤ ጨረቃዋም ተምታታበት ይሆናል አለች በልቧ። ‹‹አይዞህ›› ልትለው አስባ፣ መጀመሪያ ቁርስ ፍለጋ ጎጆው ገባች። ትናንት እሱ ከጀልባዋ ተሸክሞ ያወረደውን ጆንያ ፈታችው። ድንች፣ ዱቄት፣ ሞራ፣ የአሳማ ሥጋ፣ እንደገና ድንች። ለአንድ ሌሊት የመጣ ሰው! ጆንያውን እየጎተተች አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችው።

‹‹ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹ምግብ ነዋ።››

‹‹ለስንት ቀን?››

ጉልቨን ፒፓውን በትንባሆ ሞላ።

‹‹ጉልቨን! ለስንት ቀን ነው?››

‹‹ጀልባዋ እስክትነሣ።››

‹‹እያወቅህ!››

‹‹አዎ፣ እያወቅሁ። ያ ፖም ለቃሚ ሌላ ሴት አያጣም። እኔ ሌላ ዓይን ከየት አመጣለሁ?››

‹‹አትለምነኝም ነበር?››

‹‹ብለምንሽ ትቀሪ ነበር?››

ሶአዚግ መዋሸት አትችልበትም። ‹‹አልቀርም ነበር›› አለችው።

‹‹እንግዲያውስ!››

ጀልባዋን ሄዳ በትከሻዋ ገፋቻት። እንኳን አንዲት ሴት፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ቢገፋት የምትነቃነቅ አልነበረችም። ደሴቷን ዞረች፤ ለመዞር ደግሞ ምን ያህል ናት? ሣር፣ የወፍ ኩስ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ጉልቨን። ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍና የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ይታያሉ። ሸራ አይታይም፤ ነፋሱን ፈርቶ የወጣ የለም። የመንደሩ ሰውም ‹‹ጉልቨን አብሯት ነው›› ብሎ እንደማይጨነቅ ታውቃለች።  ተቀምጣ ስታለቅስ ጉልቨን ድንች ይልጥ ነበር። ያን ጊዜ ጠላችው።

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ሸሸ። አብዝቶ የሞላ ውሃ አብዝቶ ይሸሻልና፣ ከደሴቷ እስከ መንደሩ ድረስ አሸዋው ተገለጠ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚከፈት መንገድ ነው፤ የሚደፍረው ግን የለም። ሶአዚግ ልጅ ሳለች አባታቸው ሲሻገሩ አሸዋው ውጦ አስቀርቷቸዋል። ከኋላቸው ይከተል የነበረውና በሕይወት የተመለሰው ጉልቨን ብቻ ነበር። አሸዋው የት ላይ እንደዋጣቸው ለማንም ነግሮ አያውቅም።

የእንጨት ጫማዋን አውልቃ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች።

‹‹ወዴት ነው?›› አላት ጉልቨን።

‹‹ከንቲባው ዘንድ።››

ሳቀ። ‹‹አንቺ? ያን አሸዋ? አባታችን እንኳ…››

‹‹አውቃለሁ›› ብላ ወረደች።

ከአለቱ ላይ ሆኖ መጀመሪያ በሳቅ፣ ቀጥሎ በስድብ ተከተላት። ‹‹ተመለሺ! አንቺ ደንቆሮ! ያስለቅስሻል፣ ቆዪ ብቻ!›› እሷ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ እያየች ቀጥ ብላ ሄደች። መንገዱ አጭር ነበር፤ አሸዋውም የሚያብለጨልጭና ለጥ ያለ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ስድቡ ድንገት ቆመ።

‹‹ሶአዚግ! ቁሚ! ወደ ቀኝ! የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ተዪው፣ ጥቁሩን አለት ይዘሽ ሂጂ!››

ቆመች። ቀኙ ወደ ባሕሩ የሚያቀርብ፣ የሚያዞርና ውሃ የተኛበት መንገድ ነው። ይህን የሚላት ያው ትናንት ‹‹የነገው ይበልጣል›› ያላት አፍ ነው። አምና ብትዞርና ውሃው ቢደርስባትስ? ከእግሯ በታች አሸዋው ቀዝቀዝ ብሎ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ።

‹‹ወደ ቀኝ፣ እህቴ! በእናታችን!›› ድምፁ እንደ ልጅ ተሰበረ።

እግሯን ነቅላ ወደ ቀኝ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዳደረገችው ታዘዘችው። እሱም መራት፤ ‹‹ቀጥ በዪ! አሁን ግራ! ውሃው ውስጥ ግቢ፣ አትፍሪ፣ ታቹ ጠጠር ነው!›› እያለ። ውሃው እስከ ደረቷ መጣ፤ ታቹ ግን እንዳለው ጠጠር ነበር።

መንደሩ ሥር ወጥታ ዞር አለች። ‹‹ደርሻለሁ!›› ብላ ጮኸች። ነፋሱ ከእሱ ወደ እሷ ይነፍስ ስለነበር አልሰማትም። ነጩ አሸዋ ላይ ስትሄድ የታየችው ጥቁር ቀሚሷም አሁን ከቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ከዓይኑ ጠፍቷል። ጉልቨን አለቱ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ፣ ማንም የሌለበትን አሸዋ ‹‹ወደ ቀኝ! አይዞሽ፣ ወደ ቀኝ!›› ይል ነበር። ደግማ ጮኸች፤ መሐረቧን አውልቃ አውለበለበች። ውሃው ተመልሶ አሸዋውን ሲሸፍነውም መጣራቱን አላቆመም።