ከውሾቹ ድስት የተቀዳ መረቅ

ሰፈሩ ሁሉ «ባለቁልፏ» ይላት ነበር። የአሠሪዋን፣ የጡረተኛዋን መምህርት፣ ቤት ቁልፎች በክር አስራ ካንገቷ ስለማታወርድ ነው። እጇ አመል የለበትም። ጓዳው ተከፍቶ ቢያድር አንዲት ፍሬ የማትነካ ሴት ነበረች። ምን ይሆናል፣ ሰው በማይጠረጠርበት በኩል ነው የሚሰነጠቀው።

መምህርቷ ሁለት ውሾች ነበሯቸው። አንዷ እርጅና የተጫናት፣ ከምንጣፏ የማትነሳ ናት። ሌላው ደረቱን ነፍቶ የሚንጎራደድ ቀይ ወጠምሻ ነው፤ ባለቁልፏ «ጉረኛው» አለችው፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። መምህርቷ አልወለዱም፤ ልጆቻቸው እነዚሁ ናቸው። የሚበሉት ደግሞ ጥሬ የዶሮ ብልት ነው፤ አንገት፣ ክንፍ፣ ጀርባ። ከዶሮ ሻጩ በፌስታል ይመጣል፣ ባለቁልፏ ታጥብና በየሳህናቸው ታድላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አጥንቱ በጥርሳቸው ሲንኮሻኮሽ ስትሰማ ጆሮዋን ትይዝ ነበር።

«እትዬ፣ ትንሽ ቀቀል ላድርግላቸው? እንዲህ ጥሬውን፣ ጅብ ይመስል!»

«እንዳታደርጊው!» አሉ መምህርቷ ጣታቸውን ቀስረው። «ጥሬው ነው የሚስማማቸው።»

ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀች። የሀብታም ውሻ ጣጣው ብዙ ነው ብላ ተወችው።

ባሏ ግንበኛ ነበር። የሲሚንቶው አቧራ ይሁን ብርዱ፣ ሳንባውን ያዘውና ያ የድንጋይ ካብ የሚያክል ሰው አልጋ ላይ ዋለ። ምግብ አልወርድ አለው። «መረቅ፣ የዶሮ መረቅ ይጠጣ» አሏት በጤና ጣቢያው። እሷም እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

አንድ ቀን ጠዋት አንገቶቹን ስታጥብ እጇ ቆመ። ቢጫ ስብ ያላቸው፣ ወፋፍራም አንገቶች ነበሩ። መምህርቷ ወጥተዋል። «ሥጋውን አልነካም» አለች ለራሷ። «ሥጋው የነሱ ነው። እኔ ውሃውን ብቻ።» ቀቀለችው፣ መረቁን በፔርሙዝ ቀዳች፣ ሥጋውን ከነአጥንቱ አቀዝቅዛ ለውሾቹ ሰጠች። አሮጊቷ ውሻ ለስላሳውን እየመረጠች በላች፣ ጉረኛው ግን አጥንቱን ሳያስቀር ሳህኑን ላሰ። ይኸው፣ ማን ተጎዳ?

ባሏ ሲጠጣ ግንባሩ አላበው። «እሰይ! ነፍስ ዘራሁ። ከየት አመጣሽው?»

«እትዬ ናቸው።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ! እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ?»

እሷ ኩባያውን ለማጠብ ተነሳች። ክረምቱን በሙሉ መምህርቷ በወጡ ቁጥር እንዲሁ እያደረገች ቀጠለች፤ ባሏም ቀስ በቀስ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ፣ ከሷ ጋር መቃለድም ጀመረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ጉረኛው ምግብ እምቢ ያለው። ጀርባውን ቆልምሞ ያቃስታል፣ ያስመልሰዋል፣ የሚወጣ ግን የለም። መምህርቷ የእንስሳት ሐኪም አስጠሩ። ወጣት ነው፤ ተንበርክኮ ሆዱን ዳሰሰው።

«አጥንት ነው። ጥሬ ነው የሚበላው የተቀቀለ?»

«ጥሬ፣ ምን ጊዜም ጥሬ!» አሉ መምህርቷ። «እሷን ጠይቃት፤ ከሷ እጅ በቀር አይበላም።»

ሐኪሙ ወደ ባለቁልፏ ዞረ። «እናቴ፣ ልብ ብለው ይንገሩኝ። ጥሬ አጥንት ለስላሳ ነው፣ ሆድ ይፈጨዋል፣ ታግሰን እናያለን። የተቀቀለ ከሆነ ግን ይደርቅና እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይበሳል። እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ ሆዱን ልከፍተው ነው። ጥሬ ነበር?»

«ጥሬ ነው» አለች።

«ሰማህ?» አሉ መምህርቷ። «እሷ ካለች አለቀ። የእናቴን ልጅ እንኳ እንደሷ አላምናትም።»

ሐኪሙ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ። መምህርቷ መሬት ተቀምጠው የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። «አይዞህ ልጄ፣ ይሄ ያልፋል» ይሉታል። ጉረኛው ባለቁልፏን በር ላይ አያት። መነሳት አቃተው እንጂ ጭራውን ሁለቴ መሬት ላይ መታላት።

ያን ጊዜ ነው ጫማዋን ሳታደርግ ወደ ግቢው በር የሮጠችው። «ዶክተር! ዶክተር! የተቀቀለ ነው!»

ሐኪሙ ተመልሶ ውሻውን ተሸክሞ ወሰደው። መምህርቷ እዚያው በተቀመጡበት ቀሩ።

«ለምን?»

«ባሌ ታሞብኝ... መረቁን ብቻ ነው እትዬ። ሥጋውን አልነካሁም።»

ለራሷ ስትለው የኖረችው ነገር ጮክ ብሎ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለ! ትሰደብ ዘንድ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። መምህርቷ አልሰደቧትም።

«ብትጠይቂኝ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሙሉ ዶሮ አልሰጥሽም ነበር?»

ጥፊ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ጣራ ጣራውን እያየ «ታዲያ ለካስ በር ሲንኳኳ እንደ ውሻ ልጮህ የሚቃጣኝ ለዚህ ነው» አለ። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲተወው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ለሰው እንዳታወሪ» አላት፤ ከዚያ በኋላ ለእትዬ ዕድሜ ለምኖላቸው አያውቅም።

ጉረኛው ሆዱ ተሰፍቶ ዳነ። ባለቁልፏም ከሥራዋ አልተባረረችም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ውሾቹን የሚያበሉት መምህርቷ ራሳቸው ሆኑ፤ ያ ሁሉ ዓመት ያጠበችውን ሳህን እጃቸው ላይ እያየች በጎን ታልፋለች። ማታ ልትወጣ ስትል ደግሞ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ዶሮ በፌስታል ይሰጧታል፣ ዓይኗን ሳያዩ።

እምቢ እንዳትል የታመመው ባሏ አለ። እግዜር ይስጥልኝ እንዳትል አፏ ይያዛል። በሁለት እጇ ትቀበልና መንገድ ላይ ስትደርስ፣ በግልጽ የተሰጣትን ዶሮ ከልብሷ ሥር ሸጉጣ፣ ሰው እንዳያያት ጥግ ጥጉን ትሄዳለች።