ኮሽ የማትለው መኪና

ጋሽ ዝገት የሚሉት መካኒክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለምን ያያት ከመኪና ሥር ተንጋሎ ነው። በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልስለታል፣ ዝገት የበላው ግን ዝም ይላል።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ የኤሌክትሪክ መኪናዋን ይዛ መጣች። መኪናዋ እንደ ጥላ ተንሸራታ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ዘይት አይቀየርላት፣ ካንዴላ የላት! ደላሎቹ የሰርቪስ ወጪ የለባትም ብለውኝ ነው የገዛኋት። ኮሽ ብላ አታውቅም፤ ለማንኛውም ይዩልኝ ብዬ ነው እንጂ ምን ትሆናለች?»

«አይ ደላላ! እስቲ ልያት» ብሎ ከሥሯ ገባ። ሰፊው የባትሪ ሽፋን እንደ ረጋ ሐይቅ ከፊቱ በላይ ተንጣሏል። ፀጥታው ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚንሳፈፍ መሰለው። እንደ ልማዱ ጠርዙን ሲያንኳኳ ግን ብረቱ አልመለሰለትም። በጣቱ ሲነካው ዝገቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ።

«ልጄ፣ ኮሽ አለማለቷ ነው ያዘናጋሽ» አላት። «አሁን ዝገቱን ፍቄ መከላከያ እቀባታለሁ። በየዓመቱ ከሥር ካሳየሻት ወጪሽ ትንሽ ነው፤ ዝም ካልሻት ግን ጉድሽ ነው።»

ቅባቱን ሲቀባ ሚስቱ ትዝ አለችው። ስሞታ አታውቅም። «የኔዋ ደህና ናት» እያለ ሲኩራራ ነው የኖረው።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ።

«አንቺ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?»

ሚስቱ ትክ ብላ አየችው።

«ዛሬ ገና ከመኪና ሥር ወጣህ?» አለችው።