የፈንታው ብሎኖች

ፈንታው በወደብ ከተማዋ ሰፈር በካርቲየ 6 የሚታወቀው በእጁ ሙያና በቁጣው ነው። በከባድ መኪና መካኒክነት ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ዛሬ የጀልባ ሞተር ይገጥማል።

አንድ ጠዋት የሞተር መያዣውን ብረት ለማሰር የአንዲት ጀልባ የኋላ ሳንቃ ሲበሳ፣ እንጨቱ እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ይሄ በስብሷል። ሞተሩ መሐል ባሕር ላይ ገንጥሎት ይሄዳል» አለው ባለጀልባውን።

«የመን እስክትደርስ ብቻ ይያዝልኝ።»

ፈንታው ደሙ ፈላ። «የምትጭነው ሰው ነው ወይስ ድንጋይ?» ብሎ ብሎኖቹን አፍሶ ባሕሩ ውስጥ ወረወራቸው።

ዳር ላይ ቁጭ ብለው ጀልባዋን ከሚጠብቁት ስደተኞች መካከል ራህመት የምትባል የወሎ ልጅ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና አሸዋውን በእጇ ትዳብስ ጀመር።

«ጋሼ፣ አይቆጡ» አለችው፤ «አገኛቸዋለሁ።»