ጋሽ መኮንን የጠየቁኝ ጥያቄ

ዛሬ የሰው የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ለማጥፋት አንድ ክሊክ ነበር የቀረኝ።

ጋሽ መኮንን ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ላፕቶፓቸው እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አዲስ ገዝተው ጠሩኝ። ሥራዬ ጥገና ነው፤ ስንት ዊንዶውስ እንደጫንኩ እግዜር ይወቀው።

አዲሱን ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ጎን ገጥሜ ዊንዶውስ መጫን ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዲስኮች መጡ፤ መጠናቸው እኩል ነው። እያወራሁ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ጣቴ ዲስኩን ባዶ የሚያደርገው ማጥፊያ ላይ ነበር።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን እያዩ «ልጄ፣ አዲሱ የቱ ነው?» አሉኝ።

«ይሄ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አዲስ ከሆነ ታዲያ ለምን ሦስት ቦታ ተከፋፈለ? አዲስ ነገር ባዶ አይደል?»

እጄን አነሳሁ። የመረጥኩት አሮጌውን ነበር።

ውስጡ ስለ ተወለዱበት አገር ወንዞች አሥራ አንድ ዓመት ሲጽፉት የኖሩት መጽሐፍ አለ። «ሌላ ቦታ ገልብጠውታል?» አልኳቸው።

«ለምን? እዚህ አለ አይደል?» አሉኝ ረጋ ብለው። (ይህን መጠየቅ የነበረብኝ ገና ስገባ ነበር።)

መጽሐፉን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ አሮጌውን ነቅዬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ላፕቶፑ ወዲያው ይከፈታል።

ምን ላደርግ እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ። «እኔም ስንት ዓመት ካርታ አስተምሬ፣ ወንዝ ያለቦታው መሳሌን ያሳየኝ ተማሪ ነው» አሉ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሥራውን ስለለመድኩት ማየት አቁሜ ነበር።

እናንተስ፣ ሙያችሁን የማያውቅ ሰው በአንድ ጥያቄ አድኗችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።