የዋንዛ ማንኪያ

ሲስተር መድኃኒት ባሏን ሃድጉን ከቀበረች በኋላ ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አልቻለችም፤ የማንኪያ መሳቢያውን። ሌላውን ሁሉ ችላዋለች። የሃድጉ ኮት በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ ጫማውንም ካለበት ያነሳው የለም። መሳቢያው ተከፍቶ ማንኪያና ሹካው ሲንኳኳ ግን የፈለገችውን ሳታወጣ መልሳ ትዘጋዋለች። ልጇ ሃበን ይህን አታውቅም። እሁድ እሁድ ቂርቆስ ድረስ ልትጠይቃት ስትመጣ ሳህን ታጥብና መሳቢያውን በጉልበት ትዘጋዋለች።

ሃድጉ የሞተው በጨጓራ ካንሰር ነው። መድኃኒት ዕድሜዋን ሙሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሐኪሙ እጁን ሳይዘረጋ የሚፈልገውን ምላጭ ታቀብል የነበረች። ስለዚህ የሚመጣውን ከሃድጉ ቀድማ አውቃው ነበር። ያልጠረጠረችው የማንኪያውን ነገር ነው። የኬሞ ሕክምናው ከተጀመረ ወዲህ አፉ የገባ ሁሉ ብረት ብረት ይለው ጀመር።

«መዲ፣ ሾርባው አይደለም፤ ማንኪያው ነው» አላት አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጎ። «የእንጨት የለሽም? ትንሽዬ፣ ለአፍ የምትሆን።»

ከኦሎምፒያ ሱቆች እስከ መርካቶ ድረስ ዞረች። ያገኘችው ወይ ለወጥ ማማሰያ የሚሆን ትልቅ ነው፣ ወይ ለቱሪስት ተብሎ ቫርኒሽ የተቀባ ጌጥ። መጨረሻ ላይ የፕላስቲክ ገዝታ ሄደች። ሃድጉ እንዳይከፋት ብሎ «ደህና ናት» አላት፤ ግን አልበላም። ትክክለኛዋን ሳታገኝለት አረፈ።

«ስንት ሆድ ተከፍቶ ሲሰፋ አጠገቡ ቆሜያለሁ» አለቻት ለሃበን ከተዝካሩ በኋላ። «አንዲት ማንኪያ ናት ያቃተችኝ።»

ሃበን እናቷን አቀፈቻት።

በዚያው ሰሞን መድኃኒት ከጉልት ዳር የተጣለ የቲማቲም ሳጥን ጣውላ ይዛ ገባች። ሃድጉ ብርቱካን ይልጥበት የነበረውን ሰንጢ አውጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና መቅረጽ ጀመረች። ለምን እንደሆነ ለራሷም በደንብ አልነገረችም። ጣውላው ገና ከጅምሩ ስንጥር ስንጥር እያለ ተፈረፈረ። ከሕንፃ ሠራተኞች ለምና ያመጣችው የአጣና ቁራጭ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። የወይራ ጉማጅ አገኘች፤ ወይራው ሰንጢውን አንሸራትቶ አውራ ጣቷን ቆረጣት። ቁስሏን በጨርቅ ጫን አድርጋ ይዛ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጥልቀቱን አየት አደረገችና አሰረችው። ቀጥላ ያገኘችው የጽድ ቁራጭ ሲቀረጽ እሺ ብሎ ነበር። ሙቅ ሾርባ ውስጥ ስትነክረው ግን ቤቱ ሁሉ ጽድ ጽድ ሸተተ። ሽታ ለሚያቅለሸልሸው ሰው እንደማይሆን ስለገባት ጣለችው።

ጎረቤት ማንሾካሾኩ አልቀረም። ሲስተርን ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣባት፣ ሴት ልጅ ደጅ ተቀምጣ እንጨት ትጠርባለች ተባለ። ወሬው ሃበን ጆሮም ደረሰ።

«እማ፣ በቃ… ማለቴ፣ እጅሽ ሥራ ፈትቶ ከሆነ ጥልፍ ጀምሪ።»

«አባትሽ ጥልፍ አልጠየቀኝም።»

ሃበን ከዚያ ወዲያ ስለ እንጨቱ አንስታ አታውቅም።

ወሎ ሰፈር የቤት ዕቃ የሚሠሩ ጋሽ ዲሪባ የሚባሉ የሃድጉ ወዳጅ አሉ። መድኃኒት የተሰነጠቁትን ሁሉ በፌስታል ይዛ ሄደችና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈቻቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ እያነሱ አገላበጡ።

«ሁሉም የደረቀ ነው እኮ ልጄ» አሉ። «እኔ በማሽን ስለምቆርጥ ደረቅ ይሻለኛል። በእጅ ሰንጢ ከሆነ ግን እርጥብ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ገና የተቆረጠ፣ ጉጥ የሌለው። ዋንዛ ብታገኚ ደግሞ ለእጅ ገር ነው፣ ሽታም የለውም።»

«ከየት ይገኛል ጋሼ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። እርጥብ ዋንዛ አዲስ አበባ መሀል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። እዚህ ከተማ ውስጥ ስትኖር ዛፍ አስተውላ አታውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ እየተከታተሉ ሲያልፏት በመስቀል አደባባይ በኩል ትሄዳለች፤ ይሄ ጃካራንዳ፣ ያ ግራቪሊያ፣ ወዲያ አዲስ የተተከለ ዘንባባ እያለች። አንድ ቀን ካዛንቺስ ደርሳ፣ ግማሹ የፈረሰ መንደር መሀል ከአንድ ቆርቆሮ አጥር በላይ የዋንዛ ሰፋፊ ቅጠል አየች። ግቢውን ታውቀዋለች። የእትዬ ኩልሱም ቤት ነው። ባላቸው ጋሽ ሙክታር ስኳር እግራቸውን አቁስሏቸው የታመሙ ጊዜ፣ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ቁስላቸውን ትጠርግላቸው ነበር።

እትዬ ኩልሱም በረንዳው ላይ ዕቃቸውን በማዳበሪያ እያሰሩ አገኘቻቸው። ሰፈሩ ለልማት ስለሚነሳ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። መድኃኒት ዛፉን አየችና አፈረች። ቤቷን ለምትለቅ ሴት ቅርንጫፍ ስጪኝ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ነጠላዋን አስቀመጠችና ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልል ጀመር።

«ጣትሽን ምን ነካው?» አሏት ጠባሳውን አይተው።

የማትናገር መስሏት ነበር። ነገረቻቸው፤ ስለ ሾርባው፣ ስለ ፕላስቲኳ፣ ስለ ወይራው። እትዬ ኩልሱም የያዙትን ገመድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሰሟት።

«ሙክታርም መጨረሻ ላይ አፉ እምቢ ብሎት ነበር» አሉ። «ይሄን ዋንዛ እሱ ነው የተከለው፣ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ። ነገ ሊቆርጡት ይመጣሉ። አንቺም ነይና ቀጥ ቀጥ ያለውን ለይተሽ ውሰጂ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ላደርገው?»

በነጋታው የሞተር መጋዙ ድምፅ ሲነሳ እትዬ ኩልሱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዛፉ ሲወድቅ ቢጫ ፍሬው ግቢው ሁሉ ላይ ተበተነ። ያኔ ዞረው አዩት። አላለቀሱም፤ የመድኃኒትን እጅ ይዘው እንዳጠበቁ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ዕቃቸው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲሄዱ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው!» ብለው ጮኹላት።

መድኃኒት ጉማጆቹን በባልዲ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። የማንኪያውን ጎድጓዳ የምትፍቅበት ጋሽ ዲሪባ የአንድ አሮጌ ቢላ ጫፍ አጎበጡላት። የመጀመሪያዋን ቁራጭ በመጥረቢያ ፈልጣ ሰንጢውን ስታሳርፍበት እንጨቱ ታዘዘላት፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጉልበቷ ላይ ወረደ። ምላጭ በጉልበት እንደማይሠራ፣ መንገዱን ጠብቆ እንደሚሄድ ለዓመታት አይታለች፤ አሁን ግን የያዘችው እጅ የራሷ ነው። የመጀመሪያዋ ማንኪያ ወፍራም ሆነች። ሁለተኛዋ ቶሎ ደርቃ ተሰነጠቀች። ከዚያ ወዲያ ያለቀውን በጨርቅ እየጠቀለለች ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ማድረግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ የኑግ ዘይት ማጠጣት ለመደች።

ለአፍ የምትሆን ማንኪያ የወጣላት ክረምቱ ሲገባ ነው። ሾርባ ሠራች። ሃድጉ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ጊዜ ቀመሰች። ማንኪያዋ የራሷ ጣዕም የላትም፤ የካሮቱና የድንቹ ጣዕም ብቻ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የያዘችው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። እስኪወጣላት አለቀሰች።

የሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ኃላፊ ሲስተር ሲፋን የቀድሞ ባልደረባዋ ናት። መድኃኒት ማንኪያዋን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ወሰደችላት። ሲፋን ብዙ ሳትጠይቅ ወደ አንድ አልጋ መራቻት። አቶ ዳባ የሚባሉ፣ ምግብ እምቢ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ኢፍቱ አጠገባቸው ሳህን ይዛ ቆማለች።

ሽማግሌው ማንኪያውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ዋንዛ ነው» አሉ። «ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

ቀና ብለው አዩዋትና አፋቸውን ከፈቱ። ኢፍቱ አጎረሰቻቸው። ደገሙ፣ ሠለሱ፤ በቃኝም አሉ። መድኃኒት የዚያን ዕለት እስከ ቂርቆስ በእግሯ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሲፋን እየደወለች «ሌላ አለሽ?» ማለት ጀመረች። መድኃኒት ያዳነችው ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ማንኪያ አያድንም፤ ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ደጃፏ ላይ ያለው ሹክሹክታ ግን ቆመ። ጎረቤቶቿም የተቆረጠ ዛፍ ባዩ ቁጥር ጉማጅ ይዘውላት ይመጣሉ፤ የማይሆነውንም አመስግና ትቀበላለች። ለእትዬ ኩልሱም አንዲት ማንኪያ ወሰደችላቸው፤ አልበሉባትም፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ኢፍቱ ጥቁር ለብሳ ቤቷ መጣች። መድኃኒት ገና በሩን ስትከፍት ገባት። ኢፍቱ ከቦርሳዋ የታጠበች ማንኪያ አወጣች።

«ሌላ ሰው ይጠቀምባት ብዬ ነው ሲስተር። መመለስ አለብኝ ብዬ…»

«ግቢ መጀመሪያ። በልተው ነበር?»

«ትንሽ ትንሽ። የመጨረሻው ቀን ጠዋትም ትንሽ አጥሚት ቀምሷል። ከእጄ ነው የበላው።» ኢፍቱ ማንኪያዋን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ግን አልለቀቋትም።

መድኃኒት እጇን አልዘረጋችም። «የአንቺ ናት» አለቻት። «ይዘሻት ሂጂ።»

ዝናቡ ጋብ እስኪል አብረው ተቀመጡ። ሲያባራ መድኃኒት ጃንጥላዋን አነሳችና ኢፍቱን እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘቻት።